የደም ውጤት የተቀመጠበት ሰርቨር

ከምሳ ስመለስ አንድ ሰው በእንግዳ ተቀባይዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮምፒዩተሯ በርታለች፤ እጁ ኪቦርዱ ላይ ነው። ሲያየኝ አልደነገጠም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

"ምን እያደረጉ ነው እዚህ?" አልኩት።

"እንግዳ ተቀባይዋ ወጣ ብላ ነው። ሰዓት ልይ ብዬ ነው" አለና ቀስ ብሎ ተነሳ። የእጅ ሰዓት አስሯል።

ጠዋት መጥቶ ስለነበር አወቅኩት። ጨዋ አነጋገር ያለው፣ ሱፍ የለበሰ ሰው ነው። የእጮኛውን የደም ውጤት ልውሰድላት ብሎ ጠይቆኝ፣ ውጤት ለባለቤቱ ብቻ እንደምንሰጥ ስነግረው "ልክ ናችሁ፣ እንደሱ ነው መሆን ያለበት" ብሎኝ፣ አመስግኖኝ የሄደ ሰው። አሁንም አመስግኖኝ ወጣ። በሩ ከኋላው ሲዘጋ እሱ በተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም ነበር።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና የገቡበት ነው። የምሠራው ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ነበር። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ይመረመራል። ሰዎች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት አንድ ምርመራ ነበር። ስሙን እንኳ አይጠሩትም፤ "ያንን ምርመራ" ነው የሚሉት። ለመጋባት ያሰቡ ይመጣሉ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ይመጣሉ፣ ውጭ አገር ሊሄዱ የተነሱ ይመጣሉ። መድኃኒት ያልነበረበት ዘመን ነው። ያ ውጤት ከተሰማ በኋላ ሰው ሥራውን፣ ቤቱን፣ ጓደኛውን በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ኮምፒዩተር ደግሞ መገናኛ ከሚገኝ ማሠልጠኛ ለምጄ ነው የተቀጠርኩት። በኬብል የተያያዙ ጥቂት ኮምፒዩተሮች ነበሩን። ውስጠኛው ክፍል ያለችውን "ሰርቨሩ" እንላታለን፤ ውጤቱ ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። የደም ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። ነገር ግን የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚነግረው ፋይልም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነበር።

ያኔ እኛ ቤት የነበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲከፈት ፓስወርድ ይጠይቃል። ይጠይቃል እንጂ አይከለክልም። ከኪቦርዱ ጥግ ያለችውን ቁልፍ አንዴ ነካ ካደረጓት ጥያቄው ይጠፋና በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ያ ሱፍ የለበሰው ሰው ግን ከጥቂቶቹ አንዱ ይመስላል።

ወዲያው ሄጄ ለዶክተር ነገርኳቸው። የላቦራቶሪው ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ መቀሌ ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን መንግሥት ሆስፒታል የፈጁ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ።

"አይቷል ወይስ አላየም?"

"አላውቅም።"

"ማወቂያ የለውም?"

"የለውም ዶክተር። ይሄ ሲስተም ማን ገባ፣ ምን ከፈተ ብሎ አይመዘግብም።"

ተነስተው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና የሰርቨሩን ኬብል በገዛ እጃቸው ነቀሉት። "ከዛሬ ጀምሮ በእጅ እንጽፋለን" አሉ። "እጮኛውን ልጅ ደግሞ ጥሪያት። እኛ ቤት የሆነውን ከእኛ ነው መስማት ያለባት።"

ወዲያው ደወልኩላት። ልጅቷ በማግስቱ መጣች። የእኔ እኩያ ትሆናለች። ዶክተር ቢሮ ውስጥ አስቀምጠናት ዶክተር ገና መናገር ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው።

"አውቄዋለሁ። ትናንት ማታ ደውሎ ንጹህ ነሽ አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።"

ዶክተር ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"እኔ ገና ልመጣ እየፈራሁ ነበር እኮ" አለች። "ስንት ቀን ሙሉ ሳልበላ ስጨነቅ ነበር። የራሴን ደም ከእኔ በፊት እሱ ሰማ። ባይሆንስ ኖሮ? ንጹህ ባልሆን ለማን ለማን ይደውል ነበር?"

ዶክተር ይቅርታ ጠየቋት። እንዲህ ያለ አንጋፋ ሰው ለወጣት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሌላ ማን ያያል?" አለችኝ።

በልቤ ቆጠርኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ታያለች። ጽዳት የምትሠራው ሴት ከፈለገች ታያለች። ኬብሉን ሊጠግን የመጣ ሁሉ ያያል። እኔ አያለሁ፤ በየቀኑ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ውጤታቸው ትዝ ይለኝና ዓይኔን እሰብራለሁ።

ጥያቄዋ የከበደኝ ግን ስለሌላ ሰው ብቻ ብዬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምወደው ልጅ ነበር። ከተለያየን በኋላ መክሳቱን ሰማሁ፣ ቀጥሎ መተኛቱን፣ ቀጥሎ መሞቱን። ቤተሰቡ ሳንባ ነው አሉ። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚያስብ ሳስብ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ የበሽታው ምልክት ወጥቶበት እንደሆን ጠዋት ጠዋት ምላሴን በመስተዋት አያለሁ። ጉንፋን ከያዘኝ ሌሊቱን በላብ ነው የምነቃው፤ ላቡ ከጉንፋኑ ይሁን ከፍርሃቱ አላውቅም። የምሠራው ላቦራቶሪ ነው፤ መርፌው ያለው ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። አንድም ቀን ክንዴን አልሰጠሁም። "ሰው ሁሉ ያየዋል" እያልኩ ነበር ለራሴ የምነግረው። ይህም እውነት ነበር፤ ግማሹ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ዶክተር ጠሩኝ። "የሚቆለፍ ሲስተም ፈልጊ" አሉኝ። "ደግሞ የሚወድቅ እንዳይሆን። ውጤት ከጠፋ ሰውን እንደገና ደም ስጥ፣ እንደገና ፍራ ልንለው ነው።"

ፓስወርዱ የእውነት የሚከለክል፣ ፋይሉን ለማን እንደሚከፍትና ለማን እንደሚዘጋ የሚታዘዝ ሲስተም እንዳለ አውቅ ነበር። ችግሩ የትኛው ቨርዥን የሚለው ላይ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ የኮምፒዩተር ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ሣጥን ከመደርደሪያው አወረደ።

"ይሄ ላስት ቨርዥን ነው። ትኩስ! ገና መግባቱ ነው። አዲሳባ ውስጥ እስካሁን ማንም አልጫነውም።"

እሱ ያመሰገነው መስሎታል፤ እኔን ግን አሰጋኝ። "ማንም ካልጫነው ሲበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?"

"ኧረ አይበላሽም! ሴኪዩሪቲው ደግሞ ሌላ ነው።"

"ከዚህ በፊት የነበረው የለህም?"

"ኦልዱን? ሙዚየም ነው እንዴ የምትከፍቱት?" ብሎ ሳቀ። ግን ልጁ ክፉ አልነበረም፤ የአዲሱን የመሞከሪያ ሲዲ "ሞክሪውና ትመጫለሽ" ብሎ ሰጠኝ።

ሲዲውን ይዤ መገናኛ ወረድኩ። ያስተማሩኝን መምህር ጋሼ ነው የምላቸው፤ ማሠልጠኛቸው ከሱቆች በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ከታች የወያላዎቹ ጥሪ በመስኮት ይገባል። ግድግዳውን ተደግፈው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተደርድረዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ማን ይጠቀምበታል?" አሉኝ።

"አራት አምስት ሰው።"

"ምን ይቀመጥበታል?"

"የደም ውጤት።"

"ቢከፈት ወይም ቢጠፋ የሚጎዳው ማን ነው?"

ልመልስ አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ጋሼ ምን ሆንሽ አላሉኝም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ወደ መስኮቱ ዞረው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ።

"አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ስህተቱን የሚያገኙት ቀድመው የገዙት ናቸው። አንቺ ከቀዳሚዎቹ አትሁኚ። በጣም ያረጀውንም አትያዢ፤ የሠሩት ሰዎች ትተውት ከሆነ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንልሽ የለም። ከወጣ የቆየ፣ ስህተቱ የታወቀ፣ ማረሚያው እስካሁን የሚወጣለት፤ እሱን ፈልጊ። ግን የእኔን ቃል ብቻ አትቀበዪ። ቁጭ ብለሽ ሞክሪው።"

ሁለት ተመሳሳይ ማሽን አስቀመጡልኝ። በአንደኛው ላይ አዲሱን፣ በሌላው ላይ ጋሼ ዘንድ የነበረውን የፊተኛውን ከነማረሚያው ጫንኩ። የሌሉ ሰዎች ስምና የሌለ ውጤት ፈጥሬ ሞላሁባቸው። ከዚያ ጋሼ "በይ አሁን መብራት አጥፊባቸው" አሉኝ። ፋይል እያስቀመጡ ባሉበት ሶኬቱን መንቀል ነው። ከተማችን ውስጥ መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ዋናው ፈተና ይሄ ነበር።

አዲሱ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ነቀልኩ፣ መለስኩ፤ ፈጥኖ ተነሳ። መልኩም ያምራል። ልቤ ወደ እሱ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ ስነቅል ግን አንዴ ሲነሳ ከፈጠርኳቸው ሰዎች የአንዷ ውጤት በሌላዋ ስም ስር ገብቶ አየሁት። ዝም ብሎ ነው ያደረገው። ስህተት አለ አላለም፣ አላስጠነቀቀም። ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። የፈጠራ ስም መሆኑን እያወቅኩ ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት። የእውነት ቢሆን ኖሮ አንዷ ያለ በሽታዋ ቤቷን ልትበትን፣ ሌላዋ በሽታዋን ይዛ ልታገባ ነበር።

የፊተኛው ቀርፋፋ ነው። ሶኬቱን በነቀልኩት ቁጥር ሲነሳ መጀመሪያ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል እየደረደረ ያስጠብቃል። ሲከፈት መጨረሻ ላይ እጽፍ የነበረው መስመር የለም። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው። የጠፋውን ጠፋ ይላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። እስከ ማምሻው ነቅዬ ነቅዬ እጄ ደከመ፤ አንድም ጊዜ የአንዱን ለሌላው አልሰጠም።

"ይሄኛው" አልኩ።

"ምናልባት አዲሱም ከዓመት በኋላ ይስተካከል ይሆናል" አሉ ጋሼ። "ያኔ ትመለሺበታለሽ። የሚያስቸኩልሽ የለም።"

የመጫኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ተገልጋይ የሌለበት ቀን። ዶክተር ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ውጤቶቹን አስቀድሜ በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ገልብጫለሁ፣ በፍሎፒም ይዣለሁ። ለመፈተሽ ያህል አንዱን ፍሎፒ ስከፍት ተንጫጫና አልነበብም አለ። ሌላው ቅጂ መኖሩን እያወቅኩ እንኳ አላመንኩትም። ሁሉንም እንደገና ገለበጥኩ።

ከዚያ መጫን ስጀምር ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ። ዶክተር ከጀርባዬ ቆመው "ምን ይላል?" አሉኝ።

"ዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ነው የሚለው።"

"እሺስ ካልነው?"

"መመለሻ የለውም።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ሊያበረታቱኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መደገፊያ ነው የፈለጉት። ስንቱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ክፉ ወሬ የነገሩ ሴት ከእኔ እኩል ፈርተው ቆመዋል። ተጫንኩት።

ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪ ያላት ሣጥን ሰርቨሩን ይዛ ትጮህ ጀመር። የምትይዘው ለጥቂት ደቂቃ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ዶክተር በጸሎት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ መጸለይም አቅቶኝ ስክሪኑ ላይ የሚሞላውን ሰማያዊ መስመር ብቻ አያለሁ። ሣጥኗ ጩኸቷን አፈጠነች። መስመሩ ሞላና ማሽኑ "አሁን ልትዘጋኝ ትችያለሽ" አለ። ዘጋሁት፤ ወዲያው ሣጥኗ ዝም አለች። ጨለም ባለው ክፍል ውስጥ ተያየን። መብራቱ እስኪመለስ እዚያው ጠበቅን።

ውጤቶቹን ከመለስኩ በኋላ ዶክተር ከላቦራቶሪው መዝገብ ቁጥርና ውጤት ጮክ ብለው እያነበቡ፣ እኔ ከስክሪኑ "ልክ ነው" እያልኩ አንድ በአንድ አስተያየን። የእሑዱ ቀን በዚህ አለቀ። አንድም የተዛነፈ አልነበረም። በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የገለበጥኩትን አጠፋሁ፤ ፍሎፒዎቹን ዶክተር ቆለፉባቸው።

የመጨረሻው ሥራ ለማን ምን እንደሚከፈት መወሰን ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ስምና ቀጠሮ ብቻ ታያለች። መርማሪዎቹ ቁጥር ብቻ ያያሉ። የዚያ ምርመራ ውጤት ከነስሙ ለዶክተር ብቻ።

"አንቺስ?" አሉኝ።

"ለእኔም ዝግ ነው።"

"ማሽኑን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ እኮ።"

"ዘበኛ ግቢ ይጠብቃል እንጂ መኝታ ቤት አይገባም" አልኳቸው። "ልግባ ብዬ ብነሳ መስበር እችላለሁ። ግን ከሰበርኩት ምልክቱ ይቀራል፤ እርስዎ ያዩታል።"

ወንበሬን ለቀቅኩላቸውና ፓስወርዳቸውን ራሳቸው ጻፉ።

በዚያው ሳምንት ቢሮአቸው ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ተለማምጄ ነበር የመጣሁት፤ ሁሉም ጠፋኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ዶክተር ክንዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትፈሪው?"

ነገርኳቸው። መርፌውን ሌላ ሰው አላስነኩም፤ ደሙን ራሳቸው ቀዱ፣ ቁጥሩንም ራሳቸው ለጠፉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ማስታወስ አልወድም። ውጤቴ የት እንደሚቀመጥ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማያት ሰርቨሯን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ፋይሉን ነካሁት። ፈቃድ የለሽም አለኝ። ራሴ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው፤ ግን እንደ ጥፊ ነው የመታኝ። እንዴት እንደሚሰበር አውቃለሁ። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ላብ አተመበት። ያቺን ልጅ አሰብኩ፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ዶክተር ምልክቱን እንዳያዩ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ግን የፈራሁት ውጤቱን ብቻዬን፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከማሽን መስማቱን ነበር። ተነስቼ ወጣሁ።

መብራትም አልራራልኝም። በማግስቱ ሲጠፋ ሣጥኗ ሳትቆይ ሞተች፤ ሰርቨሩም ድንገት ጠፋ። ሲመለስ ያ ጥቁር ስክሪን ነጭ ፊደሉን እየደረደረ ዲስኩን ይፈትሽ ጀመር። የሌሎቹ ሰዎች ሁሉ ውጤት፣ የእኔም፣ እዚያ ውስጥ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ "ምነው ቆምሽ፣ ተቀመጪ እንጂ" አለችኝ። ፈትሾ ጨረሰና ተነሳ። ዶክተር ከፍተው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ልክ ነው።

ዶክተር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። "በሩን ዝጊና ቁጭ በይ" አሉኝ። ደህና ለሆነውም ላልሆነውም እንዲሁ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከቃሉ ምንም ማውጣት አልቻልኩም። ፊታቸው ላይ ፈለግኩ፤ ፊታቸውም አይናገርም።

"ነጻ ነሽ" አሉ።

"ይድገሙልኝ።"

"ነጻ ነሽ ልጄ። ደግሜ ነው የመረመርኩት።"

ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው እሱ ነው፣ ያ የሞተው ልጅ፤ በጤናው ጊዜ ሲስቅ። ቀጥሎም በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌላ ቃል የሰሙት። የእነሱ ጊዜ ያ በር ቶሎ አይከፈትም ነበር። ዶክተር ውሃ ቀድተው ሰጡኝ፤ ሁሉንም ጠጣሁት።

ላቦራቶሪው ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አዲሱን ቨርዥን ጋሼ "አሁን ማረሚያዎቹ ወጥተውለታል" እስኪሉኝ ድረስ አልነካሁትም፤ ባለሱቁም መሳቁን ተወ፣ እንዲያውም ሌሎች ደንበኞቹን ምን እንደምንጠቀም እንዲጠይቁኝ ይልክብኝ ነበር። ስለ ልጅቷ ትዳር የሰማሁት የለም።

ነጻ መሆኔን የሰማሁ ዕለት ግን ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጠበቂያው ላይ ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። ቁጥራቸውን መዘገብኩና ወደ ደም መቅጃው ክፍል አሳየኋቸው። ማታ ኦሎምፒያ ቆሜ ታክሲ ብዙ አሳለፍኩ፤ ወያላው ይጠራኛል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። በመጨረሻ አንዱ ውስጥ ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ቤት ስደርስ እናቴ "ምነው ፊትሽ ነጣ?" አለችኝ። እርቦኝ ነው አልኳት። ያቀረበችልኝን ሁሉ በላሁ፣ ጨምሪልኝ አልኳት፣ እሱንም በላሁ።